የቸኮል የቤት ዘፈን

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የቸኮልን ስም ያወጣው መልአክ ግን ያን ዕለት ሥራ በዝቶበት ነበር መሰለኝ፣ ሰው ተሳስቷል። ከሆሳዕና ሺንሺቾ ከሚመላለሱት ሚኒባሶች ውስጥ እንደሱ ረጋ ብሎ የሚነዳ አንድም የለም። መናኸሪያው ውስጥ «በቸኮል መኪና የምትሄድ ስንቅ ያዝ» ይባላል። ደንበኞቹ ግን አይሰለቹትም። አራሷ፣ ከሐኪም ቤት የተመለሰው በሽተኛ፣ እንቁላል በቅርጫት የያዘችው ነጋዴ፣ ሁሉም የሱን ተራ ነው የሚጠብቁት። ከኋላ ወንበር አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ «ኧረ ጋሼ፣ ትንሽ ይርገጡት» ሲለው፣ ቸኮል በመስታወቱ አየት ያደርገውና «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል። የገዛ ስሙን በተረት የሚሰድብ ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

ሁለተኛው የሚታወቅበት ነገር ካንትሪ የሚባለው የፈረንጅ ዘፈን ነው። በሱ መኪና ውስጥ ሌላ ዘፈን ከተሰማ ወይ መኪናው ተሰርቋል፣ ወይ ቸኮል ታሟል። አባቱ ከጎጃም በመንግሥት ሥራ ተዛውረው የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ልጃቸው ጠበቃ እንዲሆንላቸው ሲመኙ፣ እሱ ከሰባተኛ ክፍል ትምህርቱን ጥሎ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ። ሹፌሩ ጥቂት የሚናገር፣ ብዙ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ያለው ካሴት አንድ ብቻ፣ እሱም ካንትሪ። ያ ጊታር ሲንቆረቆር፣ ያ ዘፋኝ በአፍንጫው ሲያንጎራጉር፣ ቸኮል ክንዱን በመስኮት አውጥቶ መንገዱን እያየ ሰማ። በዚያው ተለከፈ፤ ጠበቃነቱም በዚያው ቀረ።

እንግሊዝኛ አይሆንለትም፤ ይህንንም አይደብቅም። ዘፈኑን የሚረዳው በሆዱ ነው። «ይሄ የእናት ነው» ይላል፤ «ይሄ የዝናብ ነው»፤ «ይሄ ደግሞ የመንገድ ነው፣ ጎማ የፈነዳበት ሰው ነው የሚዘፍነው»። ካሴቶቹን የሚለያቸውም ጽሑፋቸውን አንብቦ ሳይሆን በቀለማቸውና በስንጥቃቸው ነው። አንድ ጊዜ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ጋቢና ተቀምጦ፣ ይሄ የእናት የሚሉት ዘፈን እኮ ስለ ሞተ ውሻ ነው ቢለው፣ ቸኮል ሺንሺቾ እስኪደርሱ አላናገረውም። ዘፈኑን ግን ከዚያም በኋላ «የእናት» ማለቱን አልተወም።

ትርፊትን ያገኛት በዚያው ጋቢና ውስጥ ነው። እሱ ገና መሪ የጨበጠ ጎረምሳ፣ እሷ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ባለ ትምህርት ቤት አዲስ የተመደበች መምህርት። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ተብሎ ሀዲይኛ በላቲን ፊደል መጻፍ የተጀመረበት ሰሞን ነበር። ትርፊት የሀዲያ ልጅ ናት፣ ከካቶሊክ ቤተሰብ፤ ያን ፊደል ለልጆች ካስቆጠሩት ቀዳሚዎች አንዷ እሷ ነች። ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስትጽፈው ትውልና፣ ማታ ጠመኔ በጠመኔ ሆና ትሳፈራለች። ዓይኗ የላቲን ፊደል ባየ ቁጥር የሚያነበው በሀዲይኛ ነበር። የሳሙና መጠቅለያ እንኳ አይቀራትም ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ከመሪው ፊት ከተደረደሩት ካሴቶች አንዱን አነሳች። ቸኮል ያን ካሴት ያስቀዳው አዲሎ ከተማ መንገድ ዳር ከነበረ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ደንበኛው የእንግሊዝኛ ርዕስ እንደማያነብ ስለሚያውቅ፣ የዘፈኑን ጉዳይ በአጭሩ በአማርኛ ይጽፍበት ነበር፤ «ፍቅር»፣ «ስደት»፣ «ገና» እያለ። በዚህኛው ላይ ግን የተጻፈው አራት የላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ ኤም፣ አይ፣ ኤን፣ ኢ።

«ሚኔ» ብላ አነበበች ትርፊት።

ሆሳዕና ተወልዶ ያደገ ሰው ሚኔ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። በሀዲይኛ ቤት ማለት ነው፤ ከምባትኛውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ባለሱቁ የአካባቢው ሰው ነው፣ በቋንቋችን ጻፈው፣ ዘፈኑ ስለ ቤት ነው ማለት ነው አለችው። ቸኮልም ካሴቱን ለቴፑ አጎረሰው። ዘፋኙ ቃሉን እያላመጠ በአፍንጫው ስለሚያወጣው ፈረንጅም ቢሆን የሚረዳው አይመስልም፤ ጊታሩ ግን ጥርት ያለ ነው። ትርፊት ጆሮዋን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግታ ታስረዳው ጀመር። እዚህ ጋ ምሰሶ እያቆመ ነው፤ እዚህ ጋ ሚስማር እየመታ ነው፤ እዚህ ጋ ደግሞ ቤቱ አልቆ ሚስቱን «ግቢ» እያላት ነው። ቸኮል መንገዱን ትቶ እሷን ያያል። ያን ቀን ገደል ያልገቡት በእግዜር ቸርነት ነው።

ከዚያ መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመና፣ እኔም እሠራልሻለሁ አላት። ከኋላ የነበሩት ተሳፋሪዎች ጎማ የተነፈሰ መስሏቸው ወረዱ። ትርፊት ለጋብቻ የተጠየቀችው እንዲህ ነው። እሱ ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እሷም ሌላ ቃል አልጠበቀችም።

ቤት መሥራት በአፍ ቀላል ነው። በመጀመሪያ እናቱ ወይዘሮ እህተማርያም «ካቶሊክ?» ብለው ከፋሲካ እስከ ክረምት አኮረፉ። በትርፊት ቤትም «የሰሜን ሰው፣ ያውም ሹፌር» ተባለ። ሁለቱ ወገኖች የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤት ሳይኖረው ሠርግ የለም። ቸኮልም ጀመረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል፣ መጀመሪያ ቦታው ታጠረ፣ ከዚያ የባሕር ዛፉ ቆሞ ተማገረ፣ ከዚያ ጭቃው ተመረገ። ክረምት ገብቶ ጭቃው ሲረግፍ እንደገና ተመረገ። አንድ ግድግዳ በቆመ ቁጥር መኪናውን ግቢው ድረስ አስጠግቶ፣ በሮቹን ወለል አድርጎ ሚኔን ይከፍታል። ደክሞት መተው ሲያምረውም የሚያበረታው ያው ዘፈን ነው። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ከሠራ እኔ ምን ሆኜ ነው ይላል። ቆርቆሮው የተመታ ዕለት ወይዘሮ እህተማርያም ራሳቸው እልል አሉ። ኋላ በስተርጅና የኖሩትም እዚያው ቤት፣ በትርፊት እጅ ነው፤ ከእንሰቱ ጥግ ፀሐይ እየሞቁ «ያን የቤት ዘፈን ክፈቱልኝ» ይሉ ነበር።

ሠፈሩም ይህን አይቶ ወረሰ። ቤት የሠራ ሰው፣ ኦርቶዶክስ ይሁን ካቶሊክ ይሁን ጴንጤ፣ በየእምነቱ አስባርኮ ሲያበቃ ቸኮልን ያስጠራል። ቸኮል ካሴቱን፣ ኋላም ፍላሹን ይዞ ይመጣል። ትርፊት መሀል ላይ ቆማ ትርጉሙን ለእንግዳው ትነግራለች፤ ምሰሶውን፣ ሚስማሩን፣ «ግቢ» የሚለውን። ምግብ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። ያለ ሚኔ የተገባበት ቤት ጣራው ያፈሳል ይባላል፤ ያፈሰሰም አለ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሲኖር ሲኖር፣ አንድ ቀን ከከተማው ሬዲዮ አዜብ የምትባል ወጣት አዘጋጅ ደወለችለት። ቅዳሜ ጠዋት ስለ ካንትሪ ልዩ ዝግጅት አላት። በከተማው ካንትሪ የሚወድ ማነው ብላ ብትጠይቅ ሰው ሁሉ እሱን ጠራላት። ይምጣና ከድሮዎቹ ሁሉ፣ በዕድሜው ከሰማቸው ሁሉ፣ የሚወደውን አንድ ዘፈን ይምረጥ፤ ለምን እንደመረጠውም ይናገር። አንድ ብቻ።

አንድ ብቻ! ልጆችህን አሰልፍና አንዱን ምረጥ ቢሉት አይሻልም? ቸኮል ሳምንቱን ሙሉ ተጨነቀ። የዝናቡን ዘፈን ዝናብ ሲዘንብ ከፍቶ ሞከረው፤ ከዝናቡ ጋር ሲገጥም አንጀት ያርሳል። «የእናት» የሚለውን ደግሞ ወይዘሮ እህተማርያም በተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን በኩል ሲያልፍ ከፈተው፤ ዕንባው ፈስሶ መንገዱ ጠፋው። ተሳፋሪውም ለሁለት ተከፈለ። የሺንሺቾ ነጋዴዎች የዝናቡን አሉ፤ ተማሪዎቹ ጎማ የፈነዳበትን፣ ምክንያቱም ትንሽ ያስጨፍራል። ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ ግን ልቡ የሚመለሰው ወደ አንዱ ነው። የዝናቡ ዘፈን ዝናብ ሲያባራ ያልቃል፤ የእናት የሚለውም ለቅሶ ነው። ሚኔ ግን ዝናቡ ሲመጣ የሚገባበት ነው። ሚኔን በቴሌግራም ላከላት።

ዓርብ ቀትር ላይ ሺንሺቾ ተሳፋሪ እየጠበቀ ሳለ አዜብ መልሳ ደወለች። ሳቋ አፍኗት መናገር አልቻለችም።

«ጋሽ ቸኮል፣ ይሄ እኮ የቤት ዘፈን አይደለም» አለችው በመጨረሻ። «ማይን ነው የሚለው። በእንግሊዝኛ የኔ ማለት ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ሰውዬው ሚስቱ ጥላው ሄዳለች። ቤቱ ተሸጧል። የሚያድረው መኪናው ውስጥ ነው። እዚያ ተኝቶ «የኔ ነበርሽ» እያለ ያለቅሳል እንጂ፣ ምሰሶም የለ፣ ሚስማርም የለ። የአዲሎው ባለሱቅም አንዲቱን የእንግሊዝኛ ቃል ከርዕሱ ላይ ገልብጦ ኖሯል። አዜብ ደግሞ የየዘፈኑን ትርጉም ለአድማጭ ማንበብ ልማዷ ነው፤ ነገም ታነበዋለች፤ ሰው እንዴት እንደሚስቅ ይታይዎት አለችው። ክፋት የላትም፤ ወጣት ናት።

ቸኮል መሪው ላይ ተደግፎ ቀረ። ጉድ ፈላ! ያ ሁሉ የሠፈር ቤት የተመረቀው ሚስት በከዳችው፣ ቤት በሌለው ሰው እንጉርጉሮ ነው። ይሄ እንኳ ያስቃል፤ እሱም ትንሽ ሳቅ ብሎ ነበር። ከዚያ ትርፊት ትዝ አለችውና ሳቁ ጠፋ። ትርፊት የከተማውን ግማሽ ፊደል ያስቆጠረች ናት። በየምረቃው ቆማ ትርጉሙን የተናገረችው እሷ ናት። ነገ ይህ በሬዲዮ ከወጣ «ቲቸር ማይንን ሚኔ ብላ አነበበች» የሚል ሳቅ ገበያውን ይሞላዋል፤ በከተማችን ደግሞ አንዴ የወጣ ቅጽል ስም እስከ መቃብር ነው የሚሸኘው። ሌላ ዘፈን እንዳይመርጥ፣ ትርፊት ሰው ጠርታለች። ጎረቤቱ ሁሉ እሷ ቤት ተሰብስቦ ሊሰማ ነው፤ የትኛው እንደሚመረጥ ለማንም ጥያቄ አልነበረም።

ማታ ቤት ሲገባ ትርፊት ድንች ትልጣለች። ዞር ዞር አለና፣ የእናትን ዘፈን ብመርጠው ምን ይመስልሻል ብሎ እንደ ቀልድ ጣል አደረገ። እጇ ቆመ።

«እንደፈለግህ» አለችው።

ትዳር የያዘ ሁሉ ይቺን «እንደፈለግህ» ያውቃታል። ቸኮል እራቱን ሳይጨርስ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ልንገራት እያለ አፉ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ያን ሁሉ ዘመን ደስ እያላት የኖረችበትን ነገር እኔ ነኝ የማፈርስባት አለና ተወው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ስቱዲዮ ገባ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለው ተረት ከጠዋት ጀምሮ በጆሮው ይጮኻል። አዜብ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ጭነት መኪናው፣ ስለ መንገዱ ጠየቀችው፤ እነዚያን ጥሩ አድርጎ መለሰ። ከዚያ የማይቀረው መጣ፤ ከሁሉ የሚበልጥብዎት የትኛው ነው? ቸኮል ጉሮሮውን ጠረገና ሚኔ ነው አለ፣ የቤት ዘፈን። አዜብ ግማሹን አሰማችና ትርጉሙን አነበበች፤ የሄደችውን ሚስት፣ የተሸጠውን ቤት፣ መኪና ውስጥ ማደሩን። አንብባ ስታበቃ ሳቅ እያለች፣ ታዲያ የቤት ዘፈን ነው ያለው ማነው ብላ ጠየቀችው።

«እኔ ነኝ» አለ ቸኮል። «የኔ ሀዲይኛ የመናኸሪያ ሀዲይኛ ነው። ካሴቱ ላይ ያለውን ሚኔ ብዬ አነበብኩት። ባለቤቴ መምህርት ናት፣ እሷ የለችበትም። ያሳሳትኳት እኔ ነኝ።»

ዋሽቶ አያውቅም ማለት አይደለም፤ ሹፌር ነውና «ደርሰናል፣ ደርሰናል» ሲል ኖሯል። እንዲህ ለከተማ ሙሉ ሰው ሲዋሽ ግን የመጀመሪያው ነው። ሆኖም ልቡ ቀለል አለው። ይሳቁበት፤ እሱ የለመደው ነው።

ሳቁም አልዘገየም። መጀመሪያ የደወለው የሥራ ባልደረባው ዕንባቆም ነው፤ ከመናኸሪያ። እኔም ቤቴን ያስመረቅሁት በዚህ ዘፈን ነው፣ ለካ ሚስቴ በየክረምቱ እያኮረፈች ወላጆቿ ቤት የምትሄደው ለዚህ ነው፣ ካሳ ክፈለኝ አለው። ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ። ቸኮልም ሳቀ፣ ከልቡ ባይሆንም።

ቀጣዩ መስመር ተከፈተ። ከበስተጀርባ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ አንድ ሰው ዝም አሰኛቸው። ቸኮል ገና ስትተነፍስ አወቃት።

«ትርፊት እባላለሁ፤ መምህርት ነኝ» አለች። «ያነበብኩት እኔ ነኝ። እሱ ካሴት የሚለየው በቀለሙ ነው፤ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

አዜብ ሳቋን ዋጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅ መምህሯን እንደምትጠይቅ፣ እንግዲያው በስህተት ነው ያነበቡት ማለት ነው ቲቸር ብላ ጠየቀቻት። ቸኮል ዓይኑን ጨፈነ። ይህችን ጥያቄ ነበር ሊያስቀርላት የደከመው።

ትርፊት የሚንሾካሾኩት ጎረቤቶቿ ጸጥ እስኪሉ ጠበቀች። ክፍል ውስጥም ልማዷ ነው።

«አልተሳሳትኩም» አለች። «ሰውዬው የፈለገውን ይዝፈን። እኔ ቤት ብዬ አነበብኩለት፣ እሱ ቤት ሠራልኝ። አሁንም የምደውለው እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ሬዲዮውንም፣ አድማጩንም፣ ጎረቤቱንም ረሳች። «ቸኮል፣ በቃህ፤ ና ግባ» አለችው።

ቸኮል አለቀሰ። አዜብ የቀረውን ግማሽ ዘፈን ለቀቀችው። ያ ምስኪን ሰውዬ በአፍንጫው እየዘፈነ ከተማውን ሞላው፤ ትርጉሙን የሰማም ያልሰማም፣ በየቤቱ የነበረ ሁሉ ምሰሶ ሲቆም፣ ሚስማር ሲመታ ነበር የሚሰማው። ሙሉ የሚባለው የቸኮል ጎረቤት፣ የቤቱን ጣራ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስመታው፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ወደ ትርፊት ዞሮ፣ ለኛም መምጣታችሁ አይቀርም አይደል ብሎ አረጋገጠ።

ቸኮል የዘፈኑን መጨረሻ አልጠበቀም። ጆሮው ላይ የተደረገለትን ነገር አውልቆ ለአዜብ ሰጣት፣ ምርቃት ቢጤ አጉተመተመ፣ ወጣ፣ መኪናውን አስነሳ። ዕንባቆም መናኸሪያው በር ላይ ስልኩን እንደያዘ ቆሞ አይቶታል። ያ ለባጃጅ እንኳ መንገድ የሚለቅ ሰው ጥሩምባውን እየነፋ፣ አቧራውን እያስነሳ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠው ሽው ብሎ አለፈ። ዕንባቆም እስከ ዛሬ ይምላል፤ ሌላ ጊዜ አላየሁም ይላል፣ ያን ቀን ግን ቸኮል ቸኮለ።